ለእኔ የወጣ ትንፋሽ

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ሶዶ ውስጥ ስለ አሲድና ቤዝ ስለፈልፍ ዓመታት አልፈዋል። ላብራቶሪ የምንለው ባዶ መደርደሪያ ስለሆነ ሎሚ ጨምቄ፣ አመድ በጥብጬ ነው የማስተምረው። ስናገር ታዲያ አፌን ሞልቼ ነው፤ ሰው ጠይቆኝ «አላውቅም» ከማለት ሞት ይሻለኛል። ይህ ጠባዬ እህቴን ሊገድልብኝ ነበር።

እህቴ ታናሼ ናት። ስኳር በሽታ ስላለባት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ሲያውጅ፣ እሷ መዘምራን ውስጥ ናትና መቅረት አልሆነላትም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በር ላይ ያዘችኝ።

«ታ ኢሻው» አለችኝ፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ምንም ካልበላሁ መርፌው ምን ያደርግልኛል?»

የትምህርት ቤት ደወል ሊደወል ነው፣ ቸኩያለሁ። «ካልበላሽ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ተዪው በቃ» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሐኪም ጠይቂ ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጅብኝ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ ደም ራሱን ከአሲድ እንዴት እንደሚጠብቅ አስረዳሁ። ደማችን ባፈር አለው አልኳቸው፤ አሲድ ሲመጣበት ባይካርቦኔቱ ተቀብሎ ያበርደዋል፣ ሳንባ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያስወጣ ያግዘዋል። «ባፈሩ ሲያልቅስ?» አለች አንዷ ተማሪ። «ያኔ ሰውየው ተኝቶም እንደሚሮጥ ሰው ይተነፍሳል» ብዬ ደረቴን እየነፋሁ አሳየኋቸው። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ለምሳ ቤት ስገባ እህቴን ከጸሎት አዳራሽ ሴቶች ደግፈው አምጥተዋት ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። ጠዋት ለሳቅ ያሳየሁት ትንፋሽ እሷ ላይ ነበር። ጥልቅ፣ ፈጣን፣ ማቆሚያ የሌለው።

«ጨጓራዋ ነው» አለች እናቴ፣ አጥሚት በኩባያ ይዛ። «ሲያስመልሳት ነው ያረፈደው፤ ጾሙ ጎድቷት ነው።»

ጎንበስ ስል አፏ ያለፈበት ሙዝ ይሸታል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስቡን ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ነው፤ ሽታውም ከዚያው ነው። ይህን እኮ አውቀዋለሁ! በር ላይ ቆሜ ስመልስላት ግን እውቀቴ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

ባጃጅ ውስጥ ደረቴ ላይ አስደግፌያት ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ሆስፒታሉ ጋ ልንደርስ ስንል ቁጥሩ እየቀነሰ መጣ። «ተመስገን፣ ቀለል አላት» አለች እናቴ። እኔ ግን ቀለል እንዳላላት ገብቶኛል፤ ሳንባዋ ደክሞት ነው። ያን ቀን መማሬ የጠቀመኝ ከሌላው ሰው አብልጬ እንድፈራ ብቻ ነው። ጸሎት የማላዘወትረው ሰው «ጌታ ሆይ፣ የእኔን ትንፋሽ ለእሷ አድርገው» እያልኩ ለመንኩ።

ሐኪሙ ለሥራ ከሩቅ የመጣ ወጣት ነው። ደሟን አስመርምሮ ቀና አለ። «መርፌውን ያስቆማት ማነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ የተማረው ልጇ እንዲመልስላት ነው። በእናቴ ፊት «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ።

እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በሁለት ትንፋሽ መሃል «ረሳሁት» አለች። ለአንዲት ቃል የሚተርፍ አየር አልነበራትም።

ተረፈች። ቀናት ሙሉ በደም ሥሯ ፈሳሽና ኢንሱሊን ሲገባላት ሰንብቶ ትንፋሿ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጾም በታወጀ ቁጥር ታዲያ እናቴ ጎረቤት ፊት ሳይቀር ትቆጣታለች። «አንቺ ዝንጉ፣ ወንድምሽ ባይደርስልሽ ኖሮ ሞተሽ ነበር» ትላታለች።

እህቴ ወደ እኔ አታይም። «ሁለተኛ አልረሳም፣ እማዬ» ትላለች። እኔም እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ ዝም እላለሁ።