ሹራብ ለባሹ ሰውዬና የእኔ ዜሮ

ማረም እወዳለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ከያዝኩ አባቴንም አልምርም። ሸዋ ሮቢት ኬሚስትሪ ሳስተምር የተማሪ ወረቀት አልበቃ ብሎኝ የባሕር ማዶ ሰዎችን ማረም ጀመርኩ።

የቤተ ሙከራችን ሠራተኛ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የይፋት ሰው፣ በየሳምንቱ ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ቪዲዮ ያመጡ ነበር፤ ኩሽናቸው ውስጥ ኬሚካል የሚቀላቅሉ ሰዎች የለቀቁት። ከትምህርት በኋላ ላፕቶፔን ከፍተን ከዐሥር ነጥብ እንሰጣለን። ጭስና ፍንዳታ እኔን አይገዛኝም፤ የማየው እጅ ነው። ጠርሙሱ ላይ ስም ጽፏል? ሲያሸት በእጁ ያራግባል ወይስ አፍንጫውን ይደቅናል? አንዱማ አሲዱን ውሃ ላይ በመጨመር ፈንታ ውሃውን አሲድ ላይ ሲያንቆረቁር ላፕቶፑ ላይ ጮህኩበት።

አንድ ቀን ሹራብ የለበሰ መላጣ ሰውዬ መጣ። ኮፐር ሰልፌት በሙቅ ውሃ አሟሟ፣ ከዚያው ከኮፐር ሰልፌቱ አንዲት ቅንጣት በክር አስሮ ውስጡ አንጠለጠለ፣ «ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል» አለ። እውነትም ክሩ ላይ ሰማያዊ ክሪስታል ተንዠረገገ! እኛም በእሱ ልክ መዝነን ሞከርን። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ክሪስታል ይቅርና ያቺው ቅንጣት ሟምታ ባዶ ክር ቀረ።

«አጭበርባሪ! ዜሮ!» አልኩ። በነጋታው ለተማሪዎቼም ሳይቀር አወራሁ።

ሽማግሌው ግን አልተዋጠላቸውም። «አምና ይህንኑ ሙከራ ሠርታ ዜሮ የሰጠሻት ልጅስ? እሷም ምንም አልወጣም ብላ ነበር የጻፈችው» አሉኝ።

«እሷ በደንብ ስላልሠራችው ነዋ ጋሼ! ሌሎቹ ሁሉ ወጣ ብለው ጽፈው የለ?»

«ከመጽሐፉ ገልብጠው ነዋ ልጄ። ወላሂ፣ እኔ እዚህ ክፍል ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

ክው አልኩ። ዐይኔ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቴርሞሜትር ሄደ፤ ሠላሳ ስምንት! ሰውዬው ክፍል ሲል የማን ክፍል ነው? በሹራብ የሚቀመጡበት ክፍል እኮ ነው!

«ጋሼ፣ ክሪስታሉ እኮ የሚወጣው ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ብርዱ ጋ፣ ደብረ ሲና እንውጣ!»

ቅዳሜ ጠዋት ሰማያዊውን ውሃ በጠርሙስ ይዘን ሚኒባስ ገባን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ጠበል ነው?» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሼ «ኧረ አይንኩት፣ መርዝ ነው!» ከማለታቸው ወንበሩ ለብቻዬ ሆነ። ዳገቱን በወጣን ቁጥር አየሩ ሲቀዘቅዝ ልቤ ይዘላል፤ ሹፌሩን ፍጠን ልለው ምንም አልቀረኝ።

ደብረ ሲና ጉም ነበር። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሌላ ቅንጣት አስሬ አንጠለጠልኩና ተፋጠን ጠበቅን። ሁለተኛውን ሻይ ሳንጨርስ ቅንጣቷ ማዕዘን አወጣች፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ! «ወጣ! ወጣ!» እያልኩ ስጮህ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ሰውዬው ያለ ክርክር ዐሥር አገኘ። የልጅቷ ነገር ግን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ጠርሙሱን ላሳያት ታቅፌ ወረድኩ።

ሰኞ ቀትር ላይ የአምናውን ወረቀቷን ከመሳቢያ አውጥቼ ክፍሏ ሄድኩ። ጠርሙሱን ጓደኞቿ ፊት አነሳሁላት። አየችው፣ ዞር አድርጋም አየችው።

«ምንም የለውም እኮ መምህር» አለች ፈራ ተባ እያለች።

የሸዋ ሮቢት ሙቀት መልሶ አሟምቶታል።

«አዎ፣ ልክ እንደጻፍሽው» አልኳትና በዚያው በቀይ እስክሪብቶዬ ዜሮዋን ሰረዝኩ።