የዕድሜ ልክ ክኒን

ልቤ እንደ ሰው ልብ አትመታም። ሁለት ሦስቴ ትሮጥና ቀጥ ትላለች፤ ከዚያ ከውስጥ ደረቴን እንደምትደበድብ ሆና እንደገና ትጀምራለች። ሐኪሙ ክኒን ያዘዘልኝ ቀን፣ «ዕድሜ ልክሽን ነው የምትወስጂው» አለኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ አብራኝ ነበረች። መካኒሳ ቤት ስንደርስ ለልጆቿ፣ «ዕድሜ ልክ ፈረዱባት» ብላ ነገረቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ፍርደኛዋ ሆነ። «ፍርደኛዋ፣ ውሃ አምጪ።» እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ካልሳቅኩ ይብስባቸዋል።

ክኒኑ ልቤን አረጋጋት፤ እኔን ግን አደከመኝ። ለቡ ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት የደንበኞችን ፀጉር አጥብ ነበር። እጄ ይቀዘቅዛል፣ እንደቆምኩ ዓይኔ ይከደናል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ለደንበኛዋ፣ «ይቺ ቆማ የምትተኛ በቅሎ ናት፤ ስታጥብሽ ቀስቅሻት» ትላለች። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ይስቃሉ።

«ካላዳነ ምኑን መድኃኒት ሆነ?» ትላለች አክስቴ። የምትለው ልታበሽቀኝ ነው፤ ጥያቄው ግን የእኔም ነበር። ልተወው እችላለሁ ወይ? ቀጠሮዬ በደረሰ ቁጥር ታክሲ ውስጥ ጥያቄውን በልቤ እለማመደዋለሁ። ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ፣ «እንዴት ነሽ?» ይለኛል፤ «ደህና ነኝ» ብዬ እወጣለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ማንንም ሳልጠይቅ ተውኩት። መጀመሪያ ላይ እጄ ሞቀ። ባለቤቷም፣ «ዛሬስ ነቅታለች» አለች። በሁለተኛው ሳምንት የአንዲት ሙሽራ ፀጉር እያጠብኩ ልቤ ተነሣች። የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ወደቅኩ። ስነቃ ሙሽራዋ እርጥብ ልብሷን እያራገፈች፣ «ይተላለፋል እንዴ?» ትላለች። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ሌላ ልጅ ታጥብሻለች» አለቻት ባለቤቷ። ለእኔ፣ «ነገ እንዳትመጪ» ነው ያለችኝ።

ሐኪሙ ዘንድ ስሄድ አጠገቡ ተማሪዎች ቆመው ነበር።

«ለምን አቆምሽ?»

«ያደክመኛል።» ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጀመርኩት ጀምሮ።»

«ታዲያ ደህና ነኝ የምትዪኝ ማን አስገድዶሽ ነው?»

አንዱ ተማሪ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳበና የክኒኑን መጠን ሰርዞ ግማሽ አደረገው። ቆሜ እንድተኛ፣ በቅሎ እንድባል ያደረገኝ ነገር በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ተስተካከለ።

«መጀመሪያ ብትነግሪኝ ያኔውኑ እቀንስልሽ ነበር» አለ። «ሁለተኛ በራስሽ እንዳታቆሚ። ሌላ ጥያቄ አለሽ?»

የሚቀጥለውን ሰው ካርድ ይዟል። ልተወው እችላለሁ ወይ የሚለው ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። ተማሪዎቹ አፌን ያያሉ።

«የለኝም» አልኩ።