የጾም ከረሜላ

ባለቤቴ አዲስ አበባ ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ ስኳሩ እንዴት እንደሚፈላ ያሳየው ሰው አልነበረም። ወለል እየጠረገ በዓይኑ ሰርቆ ነው የተማረው። ፋብሪካው ተዘግቶ ወደ እኔ አገር ወደ ሞላሌ ስንመጣ አንድ ክፍል ተከራየና የራሱን የዝንጅብል ከረሜላ መሥራት ጀመረ። በሩን ግን ከውስጥ ይቀረቅረዋል። እኔ የማየው ተቆራርጦና ቀዝቅዞ ሲወጣ ነው፤ ሥራዬ በወረቀት መጠቅለል ብቻ።

«ሚስትህ እኮ ነኝ» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔ በዓይኔ እንደሰረቅኩ ሌላውም ይሰርቀኛል» አለኝ።

ለብርድና ለሳል ጥሩ ነው ተብሎ ገበያተኛው ወደደው። ታላቅ ወንድሜ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከረሜላ ይሸጣል። የእኛ ከወጣ ወዲህ የእሱን የሚጠይቅ ሰው አነሰ። ቅር ሲለው ግን አላየሁም። እንዲያውም «በርቱ» ይለን ነበር።

ሁዳዴ እንደገባ ወሬ ተነሳ፤ ከረሜላችን ሞራ አለበት ተባለ። የሰፈር ሴቶች የገዙትን እያመጡ ደጃፌ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ቀና ብላ ያየችኝ የለችም። ወዲያው የንስሐ አባቴ እኛ ቤት ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ምን እንደሚገባበት በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም፣ አባ።»

«እንግዲያ በምን አውቀሽ ነው የጾም ነው የምትዪው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ባሌን መጠርጠር ጀመርኩ። እጁን አሸት ነበር፤ ልብሱን ሳጥብ ቅባት እፈልግ ነበር። ስኳር ሊያመጣ ደብረ ብርሃን በሄደ ቀን ቁልፉን ረስቶት ስለነበር ከፍቼ ገባሁ። ስኳር፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ሰፊ የብረት ዝርግ አለ። ጥግ ላይ አንድ ቆርቆሮ ነበር። ከፈትኩት። ውስጡ ነጭ፣ የረጋ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ነገር ነው። በማንኪያ አንስቼ ከሰል ላይ ያዝኩት። ቀለጠ፤ የሞራ ሽታ ግን የለውም።

ማታ ሲመለስ ቆርቆሮውን ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ገብተሻል ማለት ነው» አለ።

«ገብቻለሁ። ምንድን ነው ይኸ?»

«የሱቅ ዘይት ነው። ከረሜላው ብረቱ ላይ እንዳይጣበቅ የምቀባው። ብርዱ ነው ያረጋው።»

«ከየት ገዛኸው?»

«ከወንድምሽ።»

አላመንኩትም። ጠዋት ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ካንተ ዘይት ይገዛል?»

«ትዝ አይለኝም።»

ከኋላው የተደረደሩት ጀሪካኖች በሙሉ ነጭ ሆነው ረግተዋል።

«ከኋላህ ያለውስ ምንድን ነው?»

ዞሮ አላየም። «ዘይት ነዋ። ብርድ ሲሆን ይረጋል።»

«አገሩ ሁሉ ሞራ ነው ሲል ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለና ሚዛኑን መወልወል ያዘ።

ቤት ተመልሼ ባሌን «ወይ በሩን ትከፍታለህ፣ ወይ ይህን ሥራ ትተዋለህ» አልኩት። ሲያቅማማ ውሎ ማታ እሺ አለ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አባን ይዣቸው ገባሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስኳሩ ከሎሚው ጋር ሲፈላ፣ ብረቱ ዘይት ሲቀባ አንድ በአንድ አዩ። ዘይቱን አስቀልጠው አሸተቱት። ባሌ ዝንጅብሉን ሲመጥን ብቻ ጀርባውን ሰጠን። በመጨረሻ አባ አንዷን አንስተው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። በሚቀጥለው እሑድም ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው፣ ሕዝቡ እያየ ከረሜላውን በሉ። ወሬው በዚያው ሞተ።

ከዓመታት በኋላ ሠራተኞች ቀጥረን ከረሜላችን መሐል ሜዳና ቀየት ድረስ መሄድ ጀመረ። ያኔ ወንድሜ መጥቶ ዘመሮ ከተማ ያለውን ገበያ እኔ ልያዝላችሁ አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። ባለቤቴ ግን ሰጠው።

«እሱን አምነህ?» ስለው፣

«አላመንኩትም። ከእኛ ጋር ካተረፈ ግን አያማንም» አለኝ።

እውነትም ወንድሜ አንድ ቀን ሒሳብ አላጎደለብንም። ወሬውን ያስነሳው እሱ ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አንስቶት አያውቅም። ቤቴ ሲመጣ አበላዋለሁ፣ እንጫወታለን። ሲወጣ ግን መንገድ ላይ ከማን ጋር ቆሞ እንደሚያወራ በመስኮት አያለሁ።