ሳሩን የዘለለው አክተር

ሽማግሌው ምን ነበር ያለው? ይኸው ካየሁት ወደ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መልሱን አላገኘሁም። ሽማግሌው ቻይናዊ ነው፤ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ ይወርዳል። ያየሁትም አንዴ ብቻ፣ ያውም በፊልም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሲቀላ ወደ አጎቴ መንደር ላንቴ ለመሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ ሰው እስኪሞላለት ስልኩን መሪው አጠገብ አስደግፎ፣ ድምፁን ዘግቶ፣ የካራቴ ፊልም ያያል። ጥቁር የለበሰ ሰው ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል። ከታች ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ይጠብቁታል፤ ሃያ ሆነው ሳሉ ግን አንድ በአንድ፣ ተራቸውን አክብረው ይመጡና ይወድቁለታል። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ፣

"ልጄ፣ ምን እያለ ነው?" አልኩት።

ዞር ብሎ መነጽሬን አየ፤ ጭኔ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስም አየ።

"ማዘር፣ ይሄ ምን ይላል? ይማታል እንጂ!"

ከጎኔ ያሉት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ በአንድ ትንፋሽ የተናገረውን እውነት እኔ በሃያ ዓመቴ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አቅቶኝ ነበር።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እናቴ ቀድማ ስለሞተች የአባቴን ቤት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ሸማኔ ነው፤ ከጋሞ ደጋ ወርዶ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ይሠራ ነበር። እሱ ሲሸምን እኔ ክር እየጠቀለልኩለት አደግሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁና ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሃያ ሞላኝ። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ገና አሥራ ሦስት ናቸው። "ቲቸር መጣች!" እያሉ ከወንበራቸው ይነሱልኝ ነበር፣ ለማሾፍ። አልቀየምም። እኔን የሚያስቀይመኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰው ሲያነብ ያልተጻፈ ቃል ሲጨምር ወይም የተጻፈውን ሲዘል። መምህርም ቢሆን እጄን አውጥቼ አርማለሁ። ፊደል ለእኔ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ነገር ነውና ልቀልድበት አልችልም ነበር።

በዚያ ዘመን የቀበሌያችን አዳራሽ የስብሰባ ቤት ነው። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን መልኩ ይለወጣል። ጋሽ ደምሴ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ሸቀጥ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ይዞ መጣ፤ ቀይ ጨርቅ በለበሰው የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ደረደረው። ውጭ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን አናታችን ላይ ይደፋዋል። ከገበያ የተመለሰው ሁሉ ዘንቢሉን እግሩ ሥር አድርጎ ይቀመጣል፤ የማንጎ ልጣጭ፣ የተጠበሰ በቆሎና የላብ ሽታ አንድ ላይ ይታፈናል። ዛሬም የማንጎ ልጣጭ ሲሸተኝ "ቿ! ቿ!" የሚለው የቡጢ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል።

ፊልሞቹ ሁሉ አንድ ነበሩ። አንድ ሰው ይመጣል፤ ይነኩታል፤ ይማታል። ለምን ተነካ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አክተሩ የትኛው እንደሆነ ከታወቀ ይበቃል፤ አክተሩ እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚመጣው ለዝላዩ ነው፤ በአንድ እግሩ ቀርከሃ ላይ ቆሞ በሌላው ሦስት ሰው ሲጥል ለማየት። ንግግሩ በቻይንኛ ነው፤ ከታች በእንግሊዝኛ ነጫጭ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ካሴቱ ተቀድቶ ተቀድቶ ስላለቀ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግማሹ ደግሞ ከመስታወቱ ጠርዝ በታች ይቀራል።

ነገሩን ያበላሸው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። አንድ ቅዳሜ ብድግ አለና፣ "ጓዶች፣ ሰፊው ሕዝብ ያልገባውን ነገር አፉን ከፍቶ ማየት የለበትም! ይህ ሰው የሚማታው ለጭቁኖች ነው ወይስ ለጨቋኞች?" ሲል ጠየቀ። ዓይኑን አዳራሹ ውስጥ ሲያዞር እኔ ላይ አረፈ። በእንግሊዝኛ አንደኛ መውጣቴን ሰምቶ ኖሯል። "ጓዲት አስቴር፣ ወደ ፊት! አስረጂን።"

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ቀን በሥርዓቱ ሠራሁ፤ ያነበብኩትን ብቻ ተናገርኩ።

"'ና' አለው።" ጥቂት ቆይቼ፣ "'ትሞታለህ' አለው።"

"እሱንማ እያየን ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። "ሌላ የማናየውን ንገሪን እንጂ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቃል ጨመርኩ፤ "ስለዚህ" የምትል። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ "ምክንያቱም" መጣች። ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ትምህርት ቤት የሚሾፍበትን አንደበቴን ሁለት መቶ ሰው ሲጠብቀው ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ያኔ ነው።

አባቴም ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። እሱ የሚመጣው ግን ለካራቴው አልነበረም፤ ሸሽቶ ነው።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ያረፈችው ደጋ ላይ፣ በክረምት ነበር። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መልእክቱ ዘገየ፤ አባቴ ሲደርስ መቃብሩ ተደፍኗል። "አንድ ቀን መጠበቅ አቃተህ?" አለው ታናሽ ወንድሙን። አጎቴ ኦይቻ፣ "ልኬብህ ነበር እኮ፣ ወንድሜ" አለው። ከዚያች ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። አጎቴ ኋላ ወደ ላንቴ ወርዶ ሙዝ ተከለ፤ ከእኛ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ገበያ ሲመጣ ሙዝ በጎረቤት ይልክልኝ ነበር። አባቴ ያያል፤ ከማን ነው አይልም፤ አይበላም።

በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ጠቡ እዚያ ላይ ያበቃል። ሳሩን ዘልሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ጎሜ ነው፤ ነውሩም እርግማኑም በሰውየው ላይ ብቻ አይቀርም፣ ልጁንም አዝመራውንም ይነካል ይባላል። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያምናል። ስለዚህ ዘዴ አበጀ፦ ሳሩን እንዳያይ መሸሽ። ከአጎቴ ጋር ሊያስታርቁት የተነሡት ሽማግሌዎች የሚመጡት በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ ነው። ከሩቅ ሲያያቸው መወርወሪያውን ጥሎ በጓሮ ይወጣና አዳራሹ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ጸሎት ቤት የሚያገለግሉ ናቸው፤ ቪዲዮ ያለበት ቤት አይገቡም። በር ላይ ቆመው ሳራቸው በፀሐይ እስኪጠወልግ ይጠብቁና ይመለሳሉ። እኔ የበቆሎውን ፎሰሴ በሽፈራው ቅጠል አብስዬ ራት ሳቀርብለት ዓይኔን አያይም።

ያን ዕለትም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ የሽማግሌዎቹ በትር ይታየኛል። ፊልሙ እንደ ሌላው ነው፤ አክተሩ ለግድያ ይሁን ለምን አላውቅም፣ እየሮጠ ይሄዳል። ድንገት አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ መንገዱ ላይ ተንበረከከ፤ በሁለት እጁ እቅፍ የሚሞላ ለምለም ነገር ወደ ላይ አነሣ። የሩዝ ችግኝ ይሁን መድኃኒት፣ እግዚአብሔር ይወቅ። እኛ ያየነው ግን ሳር ነው። በቆሎ የሚያኝክ እንኳ አቆመ። ሽማግሌው አንድ ነገር ተናገረ። አክተሩ ቆመ፣ አየው፣ ከዚያ በአናቱ ላይ ዘልሎ ጣሪያ ላይ ወጣ።

እንዲህ ያለ ዝላይ ሌላ ቀን ቢሆን ጭብጨባ ነበር። ያን ቀን አንዲት ሴት፣ "ጎሜ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም "ጎሜ! ጎሜ!" እያለ ተነሣ። ስንት ወር ሙሉ "አይዞህ" ሲሉት የኖሩትን አክተር በአንዲት ደቂቃ ካዱት።

"ጓዲት አስቴር!" አለ ሊቀ መንበሩ በጩኸቱ መሀል። "ሽማግሌው ምን አለው?"

ከጽሑፉ የያዝኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው። አንዱ "አይ" የሚል አፍራሽ፣ አንዱ "መሄድ"። "አትሂድ" ይሁን "አልሄድም" ይሁን "አይሄድም"፣ ሌላው ጠርዙ ሥር ቀርቷል። ይህን መናገር ይገባኝ ነበር። ዓይኔ ግን አባቴ ላይ ነበር። አንገቱን ሰብሮ ወለሉን ያያል፤ ያያትን ሳር ላለማየት።

"'ከወንድምህ ሳትታረቅ አትሂድ' አለው" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማቆም የለም። አክተሩን አርባ ሰው ከበበው፤ "ለምን?" አሉኝ፤ "ሳሩን ስለዘለለ ነው፣ የሚቀበለው አገር አጣ" አልኩ። ድልድይ ተሰበረበት፤ "ወንዙም እምቢ አለው።" ማደሪያው ተቃጠለ፤ "የወንድሙን ስም ሊጠራ ፈለገ፣ አፉ እምቢ አለው።" ያ ጭንቅላትም እግርም የሌለው ፊልም ታሪክ ሆነ። ሰው ሲመታ አላጨበጨቡም፤ "አዬ፣ ምስኪን" አሉት።

ሊያልቅ ሲል ዴኩ ካሴቱን በላው። ጋሽ ደምሴ በእስክሪብቶ ሊፈታው ታገለ፣ አልሆነም።

"መጨረሻውስ? ታረቀ ወይስ እንዲሁ ቀረ?" ሰው ከመቀመጫው አልነሣም አለ። ጋሽ ደምሴ የካሴቱን ሳጥን ሰጠኝ። "ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቢላቸው፣ እህቴ።"

ገለበጥኩት። ጽሑፉ በቻይንኛ ብቻ ነበር። አንዲት ፊደል አላውቅም። ጣቴን ከመስመር መስመር እየወሰድኩ፣ መሠረተ ትምህርት እንዳስተማሩኝ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ "ተመለሰ። ከወንድሙም ጋር ታረቀ።"

በሕይወቴ ጣቴን ጽሑፍ ላይ አድርጌ ያልተጻፈ ነገር ያነበብኩት ያኔ ብቻ ነው።

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። አቧራው ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ ቀልታለች፣ የአባያ ሐይቅ ነፋስም ይነፍሳል። ደጃፋችን ስንደርስ፣ "ሰውየው ሲመለስ፣ መጀመሪያ የሄደው ሽማግሌው ጋ ነው ወይስ ወንድሙ ጋ?" አለኝ።

"ወንድሙ ጋ፣ አባዬ።"

"እንዲያ ይላል ጽሑፉ?"

"እንዲያ ይላል።"

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ በበዓል ብቻ የሚለብሰውን ጋቢ ለብሶ፣ ማንም ሳይለምነው፣ በእግሩ ላንቴ ሄደ። ሲመለስ ትከሻው ላይ አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ነበር። አስቀመጠው፣ አንዷን ላጠና በላ። ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው ደጋ ወጡ፤ እናታቸው መቃብር ላይ ቆመው ተመለሱ።

እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። አባቴ እስኪሞት ድረስ የዚያን ፊልም ታሪክ ለሠርገኛውም ለለቀስተኛውም ሲያወራ ኖረ። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞር ይልና፣ "አይደል፣ ልጄ?" ይላል። "ነው፣ አባዬ" እላለሁ። ከዚያ በኋላ መምህርት ሆኜ ስንት ልጅ ያልተጻፈ ሲያነብ አርሜያለሁ! ባረምኩ ቁጥር ያ ሳጥን እጄ ላይ ይከብደኛል። አባቴን ያስታረቀው ውሸቴ ነው፤ እውነቱን ሳያውቅም አረፈ እያልኩ።

አጎቴ ኦይቻ አሁን ዓይኑ ደክሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ላንቴ እየሄድኩ ማንጎው ጥላ ሥር መጽሐፍ ቅዱስ አነብለታለሁ። ልጀምር ስል ሁልጊዜ አንድ ቃል አለችው፦ "የተጻፈውን ብቻ።" የሽማግሌ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ ባጃጅ ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ግን አልከፈትኩም። "አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሁለቱን ቃላት፣ ሳጥኑን፣ ቻይንኛውን።

እስክጨርስ ሰማኝ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ይስቃል።

"አዬ አስቴር! እሱን እኮ የዚያኑ እሑድ ሰምቼዋለሁ።"

"ከማን?"

"ከማን ይሆናል፣ ከአባትሽ ነዋ! እዚሁ ማንጎ ሥር ተቀምጦ ነገረኝ። 'ፊደል ባላውቅም አፍ አያለሁ' አለኝ። 'ቻይናው አፉን ሳይከፍት ልጄ ትተረጉማለች!' ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።"

በየሠርጉ "አይደል፣ ልጄ?" ሲለኝ የነበረው ፊቱ መጣብኝ። እየሳቀብኝ ነበር? ወይስ እያመሰገነኝ? ይህንንም አላውቅም።

"ካወቀ ታዲያ ለምን መጣ?" አልኩ በመጨረሻ።

አጎቴ ሳቁን አቆመ። እጁን ዘርግቶ በዳበሳ እጄን ያዘ።

"እኔም ጠይቄዋለሁ። 'ከስንት ሽማግሌ ሸሸሁ' አለኝ። 'ሸሽቼ ከገባሁበት ቤት ልጄ ሳሩን ይዛ ቆማለች። እሷን በየት በኩል ልዝለላት?' አለኝ።"

ነፋስ ከሐይቁ በኩል መጣና የሙዙን ቅጠል አንቀሳቀሰው። ከዚያ አጎቴ እጄን ለቀቀና በጣቱ መጽሐፉን መታ መታ አደረገው።

"በይ አሁን አንብቢልኝ" አለ። "የተጻፈውን ብቻ።"