ጥሩንባ ስፓኒሽ ስትማር

አክስቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ “ጥሩንባ” ይሏታል። ደህና አደራችሁ ስትል እንኳ ጠብ የፈለገች ነው የምትመስለው። እሷ ግን በስሙ አትቀየምም፤ “ያ ሁሉ ማሽን እየጮኸ በሹክሹክታ የሚያወራ ካለ አምጡና አሳዩኝ!” ትላለች።

አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ለሥራ ስፓኒሽ የሚነገርበት አገር ሄዶ እዚያው አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይደውላል። የሚስቱን ለእናቱ፣ የእናቱን ለሚስቱ እየተረጎመ፣ መሃል ላይ የራሱን ቀልድ ጣል እያደረገ ያስቃቸው ነበር። አምና ግንባታ ላይ ሳለ ከከፍታ ወደቀ። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ሞተ። እዚያው ቀበሩት።

ምራቷ መደወሏን አልተወችም። ግን ምን ይባባሉ? ሁለቱ ሴቶች ይተያያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይዘጋሉ። እኔ በስልኬ እያስተረጎምኩ አጫጭር መልእክት እጽፍላት ነበር። አንድ ቀን አክስቴ እጄን ያዝ አድርጋ፣

“አንድ የምጠይቃት ነገር አለኝ። ይሄን ግን በሰው አፍ አልጠይቅም” አለችኝ።

“ምንድን ነው?”

“ልጄ ሲሞት ተሠቃይቷል ወይ?”

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

“ዓይኗን እያየሁ፣ በራሴ አፍ ነው የምጠይቃት። በዚህ ስልክ ቋንቋ ይማሩበታል አይደል? አስጀምሪኝ።”

የድምፅ ልምምድ ያለው አፕ ጫንኩላት። አንዲት ሴት ቃሉን ትላለች፣ አንቺ ትደግሚያለሽ፤ ልክ ከሆንሽ አረንጓዴ፣ ካልሆንሽ ቀይ ይበራል። ከሥራ ስትወጣ ወንበሯን መስኮቱ ሥር ስባ ትቀመጥና ስልኩ ላይ ትጮህበታለች። የመጀመሪያው ሳምንት በደስታ አለፈ። “ኝ” ስትመጣ “ይቺማ የእኛው ናት!” ብላ ሳቀች። “ፔሮ” የሚለው ቃል “ሮ” ሲላላ “ግን”፣ ሲጠብቅ “ውሻ” ማለት እንደሆነ ስነግራት፣ “እና ምን ይገርማል? እኛስ ማጥበቅና ማላላት ከነሱ እናንሳለን?” አለች። ሁለቱም አረንጓዴ።

ቃሉ ሳይጻፍ በጆሮ ብቻ የሚለይበት ማዳመጥ ላይ ስትደርስ ግን ቀይ ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ “ሲ” ትላለች፣ አክስቴ “ኢ” ትላለች። ደግሞ “ኢ”፣ ደግሞ ቀይ። “ይሄ ስልክ ተበላሽቷል” ብላ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ጠጋኙ ከፍቶ አጸዳው፣ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማው።

“እናቴ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው” አላት። ከዚያ ቀና ብሎ አይቷት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ጆሮዎን ታይተው ያውቃሉ?”

ጆሮ ሐኪም ጋ አብሬያት ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ማዳመጫ አደረገላትና ድምፅ በሰማች ቁጥር ቁልፍ እንድትጫን አዘዛት። ብዙ ከቆየች በኋላ በሩን ገፋ አድርጋ “ዶክተር፣ መቼ ነው የሚጀመረው?” አለችው። ሐኪሙ ግማሹን ጨርሷል።

ያለባትን ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየን። ቀጫጭን ድምፆችን የፋብሪካው ማሽን ዓመት ባመት ወስዶባታል፤ “ስ” የለችም፣ “ፍ” የለችም። የእኛን ቋንቋ የምትሰማው አፍ አፋችንን እያየች፣ የጎደለውን በልምድ እየሞላች ኖሯል።

“ይመለሳል?”

“አይመለስም። የማዳመጫ መሣሪያ ድምፅ ያጎላል እንጂ የሞተውን አይተካም።”

ወደ ቤት ተመለስን። በር ላይ ስንደርስ፣ “እና የልጄንም ድምፅ በቅጡ ሳልሰማው ነው የሄደው” አለች።

ታቆማለች ብዬ ነበር። አላቆመችም። እጇን አፌ ፊት እያስቀመጥኩ የ“ስ”ን ትንፋሽ በመዳፏ አስነካኋት፤ በመስታወት ጥርሷን እያየች ሠራችው። ሦስት ሳምንት ፈጀ። “ሚ ኢኾ ሱፍሪዮ?” ልጄ ተሠቃየ? አረንጓዴ በራ። እሷም እኔም ደስ አላለንም።

እሁድ ከሰዓት ስልኩ ሲጠራ “አንቺ ውጪ ጠብቂኝ” አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጥያቄዋን ሰማሁ፤ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ነው የጠየቀችው። የምራቷ ድምፅ ግን እስከ በሩ አልደረሰም። ስገባ ስልኩ ተዘግቷል።

“ገባት?”

“ገባት። ብዙ አወራች።”

“ምን አለችሽ?”

“‘ኖ’ አለች። ከዚያ ‘ኤ’ የምትል ነገር። ‘ኖ፣ ኤል’ ከሆነ ‘አይ፣ እሱ’ ብላ አልተሠቃየም እያለችኝ ነው። ‘ኖ ሴ’ ከሆነ ግን ‘አላውቅም’ ነው።” ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። “አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምታለቅሰው። ማየት አልቻልኩም።”

“ልጻፍላትና ትድገምልሽ።”

“ተይ! ስጠይቃት ምን እንደሆነች አንቺ አላየሽም። ያቺን ልጅ ሁለቴ አልገድላትም።”

ከዚያ ወዲህ አፑን አልከፈተችም። ሐኪሙ ያለውን የማዳመጫ መሣሪያም አላደርግም አለች። ስልኩ ሲደወል ፈገግ ብላ ትቀመጣለች፤ ለሚሏት ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች።

አንድ እሁድ አጠገቧ ነበርኩ። የልጅ ልጇ ስልኩን ከእናቷ ነጥቃ አንድ ነገር ጠየቀቻት። አክስቴ ነቀነቀች። ልጅቷ ጮቤ እየረገጠች ወደ ጓዳ ሮጠች።

“ምን አለችኝ?” አለች አክስቴ።

እኔም ከእሷ ጋር ስማር የቃረምኳት ትንሽ አለችኝ። “ወደ እኛ ትመጪያለሽ?” ነበር ያለቻት።

“እወድሻለሁ ነው ያለችሽ” አልኳት።

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ መቼ እንደምትመጣ ትጠይቃታለች። አክስቴም ትነቀንቃለች።