የጓሯችን ቀረሮ

ልጅ ሳለሁ የቦንጋ ጉም ከዛፍ የሚወርድ እንጂ ከሰማይ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ከጓሯችን ቀረሮ ጫፍ ይነሳና ቆርቆሯችን ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ እንሰቱ መሃል ገብቶ ይተኛል። ዛፉ ቤታችንን ስለጋረደው ቀኑ ለእኛ ዘግይቶ ይነጋል፣ ቀድሞ ይመሻል። ጎረቤት ፀሐይ ሲሞቅ እኛ ገና እንቅልፍ ውስጥ ያለን ይመስለኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት፣ ባጃጅ ወደ ከተማችን ገና ሳይመጣ፣ የክረምቱ ንፋስ ቀረሮውን ከስሩ ሰነጠቀው። ወደ ቤታችን አዘነበለ። በአንድ ወገኑ የእኛ ቤት፣ በሌላው የጎረቤት ማድቤት፣ ከፊቱ የመብራት ሽቦ አለ። ሊወድቅበት የሚችለው የእናቴ እንሰት ያለበት ጠባብ ቦታ ብቻ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ እየወጣ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ግን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ጠያቂ ሲመጣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ይስብና የተኛ ይመስላል። እናቴ ትቆጣዋለች። እኔ ግን እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ በር ጀርባ የምቆም ስለሆንኩ አልፈርድበትም ነበር።

እናቴ ከሺሺንዳ በኩል አንድ ማር ቆራጭ አስመጣች። ድሮ ከአባቴ ጋር ዛፍ ይወጣ ነበር። ቀረሮውን ዙሪያውን አይቶ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ እንዳለ አይጣልም፣ ከላይ ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መውረድ አለበት አለ። ቤቱም ባዶ ይሁን አለ። ሰፈሩ ሊያግዝ ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ ለአባቴ ቃሬዛ ይዘው ገቡ። አባቴ ግን ማንም እንደ ሬሳ ተሸክሞ አያወጣኝም ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ማር ቆራጩ ተቸግሮ ከቤቱ ከሚርቁት ቅርንጫፎች ጀመረ። እኔ ከአባቴ አልጋ አጠገብ ቀረሁ።

ያን ጠዋት አልረሳውም። ቅርንጫፍ በወደቀ ቁጥር ክፍላችን ትንሽ ይበራል። ዓይቼው የማላውቀው የግድግዳው ጥግ ወጣ። የእናቴ ሣጥን ሰማያዊ መሆኑን ያኔ አወቅኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰውየው አሁን ባላው ላይ ተቀምጧል፣ አሁን ገመድ እያሰረ ነው ይለኛል፤ አብሮት ዛፉ ላይ ያለ ይመስል ነበር።

ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲወርድ ገመዱ በቅርንጫፍ ላይ ያልፍና አንድ ሰው ከታች ይይዘዋል። ማር ቆራጩም በለመደው እጁ ትልቁን ቅርንጫፍ እንደዚያው አደረገው። ቅርንጫፉ ግን ቀፎ አይደለም። ገመዱ ፉጨት አሰማ፣ ከታች የያዘው ሰው መዳፉ ተቃጥሎ ለቀቀው፣ ቅርንጫፉ ተወዛውዞ የጣሪያችንን ጠርዝ መታ። ቆርቆሮው ታጠፈና ብርሃን ከነአቧራው አልጋው ላይ ፈሰሰ።

ማር ቆራጩ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ተኝተው እጄ አይታዘዘኝም። ካልወጡ ትቼው መሄዴ ነው።»

እሱ ከሄደ ዛፉ በሚቀጥለው ንፋስ እላያችን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ፈቀቅ ሲል አባቴ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየኛል» አለኝ።

ወጣሁ። ግቢው ሙሉ ሰው ነው። አባቴ ሊወጣ ነውና እባካችሁ ፊታችሁን ወደ ዛፉ አዙሩ አልኩ። ማንም ስላልሰማኝ ደገምኩት። በተረበኛነቷ የምትታወቀው ጎረቤታችን «ይቺ ልጅ ለካ አፍ አላት» ብላ ሰዉን አሳቀችው። ከዚያ ግን ቀድማ ጀርባዋን የሰጠችን እሷ ነበረች። ሌላውም ተከተላት።

ማር ቆራጩ ተንበርክኮ አባቴን አዘለው። ዛፉ ከማይደርስበት ከላይኛው አጥር ስር አስደገፍነው። አባቴ በብርሃኑ ዓይኑን እያርገበገበ ዛፉን አየ።

«ገመዱን ከግንዱ ስር ጠምጥሙት» አለ። «ክብደቱን ግንዱ ይያዘው፣ ሰው ቀስ እያለ ይልቀቅ።»

ከዚያ በኋላ ቅርንጫፎቹ ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ ነገር በዝግታ ወረዱ፤ ቅጠላቸው ብቻ ሲንሾካሾክ ይሰማል። እናቴ እንሰት መልሶ ይተከላል ብላ የእንሰት ቅጠልና ግንድ ቆርጣ መሬቱ ላይ አነጠፈች። ቅርንጫፉ ያለቀውን የቀረሮውን ግንድ በእንሰቱ በኩል በመጥረቢያ አፍ ከፈቱለት፣ ከጀርባው በመጋዝ ገቡ፣ ቤቱ ላይ እንዳይመለስ ሽብልቅ መቱበት። ገመድ ጎታቾቹ ከሩቅ ቆሙ።

«አሁን» አለ አባቴ።

ግንዱ በተነጠፈለት ላይ ተኛ። መሬቱ በእግሬ ስር ሲተነፍስ ተሰማኝ። ሰዉ የለመንኩትን ረስቶ ዞረና አባቴን አየው። አባቴ ፊቱን አልሸፈነም፤ እናቴን ቤቱ ደህና መሆኑን ጠየቃት። ከታጠፈችው ቆርቆሮ በቀር ደህና ነው አለችው።

ማር ቆራጩ ሊያዝለው ጀርባውን ሰጠው።

«ትንሽ ልቆይ» አለ አባቴ።