ጫፉ ላይ ያለችው ቀስት

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጣ ግራፍ ስትሠራ፣ የተቀረጸው እርሳስ ሽታ ወደ ሰባተኛ ክፍል መለሰኝ።

ያኔ አባቴ «ትምህርቱ ይበቃታል፣ ከመስከረም ጀምሮ ሱቁን ትያዝ» ብሎ ወስኖ ነበር። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ዘሀራ፣ እንዲያማልዱኝ ስለፈለግኩ ከግቢያችን ማንጎ ጥላ ሥር y = 2x + 1ን እየሠራሁ አሳየኋቸው።

«ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ አንድ፤ ኤክስ አንድ ሲሆን ሦስት፤ ሁለት ሲሆን አምስት» አልኩና ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኝቼ ጫፉ ላይ ቀስት ሣልኩ።

«ማሻአላህ! እንደ ሽንኩርት መደብ ቀጥ አለልሽ። ጫፉ ላይ ያለችው ቀስትስ ምንድን ናት?»

«መስመሩ እዚህ አያቆምም ማለት ናት።»

በሻሻቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ። «እኛን ሴቶቹን ሲያሰምሩን ቀስቷን ረስተዋታል ወላሂ» አሉና አባቴ ዘንድ ገቡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲወጡ ግን ዓይኔን ሸሹት።

መስከረም ሲጠባ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። የቀረውን ትምህርት ከደንበኞቼ ልጆች ደብተር ለቃቀምኩት።

«እትዬ፣ ኤክስ አራት ሲሆን ዋይ ዘጠኝ ሆነና ወረቀቱ አለቀብኝ» አለችኝ ትናንት የጎረቤቴ ልጅ።

«ታዲያ ሌላ ወረቀት ይቀጠልበታላ!» ብዬ ማጣበቂያ ፍለጋ ገባሁ።